በጠባብ ክፍል ውስጥ ሐዲድ ስለ መዘርጋት

የባቡር ሞዴል መሥራት የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ስለ ልክና ስለ ወሰን ብዙ ትምህርት ያገኘንበት ሥራ ስለ ሆነ፤ ያየነውን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አቀረብን። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕቅድ የሚጀመረው ከምኞት ሳይሆን ከወሰን ነው። ወሰኑን አስቀድሞ የለካ ሰው ከምኞቱ አብዛኛውን ያተርፋል፤ ያልለካ ግን ቆርጦ ይጥላል።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክራችን ራሱ የጂቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጂቡቲ ሲጀመር ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሐረር በተራራ ላይ ያለች ከተማ ናትና ሐዲዱን እዚያ ድረስ ማውጣት ከባድና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ በተራራው ግርጌ አለፈ፤ በ1902 ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። እንግዲህ ድሬዳዋን የወለደቻት «አይቻልም» የምትል ቃል ናት ብንል ማጋነን አይሆንም።

እኛም ለመሥራት የመረጥነው ይህንኑ የድሬዳዋን ጣቢያ ነው። የመረጥነውም ልክ ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንሰው ነው። የቀድሞው መስመር የሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ስለ ነበረ፤ በዚህ ልክ 11.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለዚህ የሚሸጠውም ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን 784 ኪሎ ሜትር የነበረው መስመር በዚሁ ልክ ሲቀነስ እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ክፍላችን 4 ሜትር በ3 ሜትር ሲሆን፤ በአንዱ ረዥም ግድግዳ ላይ የማይነሡ ቁም ሣጥኖች 60 ሴንቲ ሜትር ይዘዋል። ስለዚህ ሞዴል መሥራት ማለት መምረጥና መተው ማለት መሆኑን ገና ከመነሻው ተረዳን።

የፊተኛው ዕቅዳችን አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ፤ ማለት 2.44 በ1.22 ሜትር፤ መካከል ላይ አስቀምጦ ባቡሩን ዙሪያውን ማስሮጥ ነበር። በወረቀት ላይ እጅግ ያምር ነበር። በእርሳስ ስንመረምረው ግን ሦስት ነገሮች አቆሙን።

አንደኛ፤ ኩርባው። 150 ሜትር ሬዲየስ ያለው እውነተኛ ኩርባ በእኛ ልክ 1.72 ሜትር ይሆናል፤ ባቡሩ ዞሮ ለመመለስ ብቻ ከ3.4 ሜትር በላይ ስፋት ይፈልጋል። ስለዚህ ሬዲየሱን ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረግነው። ዳር ዳሩ ላይ ጥቂት ቦታ ተትቶለት በኮምፔርሳቶው ላይ ይበቃል፤ ሁለቱ ቀጥታ ጎኖች ግን እያንዳንዳቸው 1.40 ሜትር ብቻ ቀሩ።

ሁለተኛ፤ ዳገቱ። አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ በድልድይ እንዲያልፍ ተመኝተን ነበር። ባቡር ከሥር እንዲያልፍ የድልድዩ ውፍረት ተጨምሮ 7.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል። በመቶው ሦስት እጅ ዳገት ቢሰጠው ለመውጣት 2.5 ሜትር፤ ለመውረድም ሌላ 2.5 ሜትር ይፈጃል። የመንገዱ ዙሪያ በጠቅላላው 5.7 ሜትር ያህል ነው። ታዲያ ለጣቢያው የሚቀረው ደልዳላ ቦታ 70 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው! ድልድዩን የዚያኑ ዕለት ሰረዝነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነበር፤ እርሱም የሰው አካል ነው። ባቡር ከሐዲድ ይወጣል፤ ሽቦ ይበጠሳል፤ እጅ ሊደርስበት ይገባል። የቆመ ሰው ሳይንጠራራ የሚደርሰው 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከመካከላችን አንዱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ወለሉን በጠመኔ በልኩ ሠርተን በዙሪያው እንዲሄድ ብንሞክር፤ በሁለቱ ጎን የቀረው መተላለፊያ 59 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ወንበሩ አልገባም። ጓደኛችን ጠመኔውን አይቶ፤ «እናንተ ነጂዎች፤ እኔ መንገደኛ መሆኔ ነው እንግዲህ» አለ። ሳቅን፤ ነገር ግን ሳቁ አልቆየም። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው እርሱ ነበረና።

ያን ጊዜ ዕቅዱን ከሥር ገለበጥነው። በመጀመሪያ የለካነው ሐዲዱን ሳይሆን ወንበሩን ነበር። ወንበሩ ለመዞር 1.5 ሜትር ይፈልጋል፤ ጉልበቱ ከሥር እንዲገባ 70 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ ተቀምጦ ያለ ድካም የሚደርሰውም 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ቀርቶ በሁለት ግድግዳዎች ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ አደረግን፤ ከፍታውም 80 ሴንቲ ሜትር ሆነ። እግር የለውም፤ ከግድግዳው በወጡ ብረቶች ላይ ያርፋል። ወለሉም ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ነጻ ሆነ። 46 ሴንቲ ሜትር የሆነው ኩርባችን በማዕዘኑ ላይ ሳይጠብ አለፈ፤ እጅ በማይደርስበት ጥግ ኮረብታ እንጂ ሐዲድ አላኖርንም።

ትርፉን እንቁጠረው። በፊተኛው ዕቅድ ጣቢያው የሚችለው አንድ ሎኮሞቲቭና ሦስት ፉርጎ ነበር። ፉርጎው 17፤ ሎኮሞቲቩ 14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፤ በሁለቱ ጫፍ ለሐዲድ መገንጠያ 40 ሴንቲ ሜትር ጨምረን፤ አሁን በ1.39 ሜትር ውስጥ አምስት ፉርጎ ይቆማል። ደግሞም የጂቡቲው ባቡር ዙሮ ወደ መነሻው የሚመለስ አልነበረም። ከአንዱ ጫፍ መጥቶ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። በእኛም መደርደሪያ ከአንዱ ኮረብታ ጀርባ የተሰወረው ሐዲድ «ጂቡቲ»፤ ከኩርባው ወዲያ ያለው «አዲስ አበባ» ተባለ፤ በላያቸውም የሚነሣ ክዳን አደረግን። ጥበቱ የነሣን መስሎን የነበረው ዙሪያ ጥምጥም፤ ለካ መጀመሪያውኑ እውነት አልነበረም።

ይህን ለመጀመር ለሚያስብ ጓደኛ የምንመክረው ይህ ነው። በሩ ሲከፈት የሚይዘውን ቦታ ሳይቀር ክፍሉን ለካ። ከዚያ የሚሠሩትን ሰዎች ለካ፤ በተለይም እጁ አጭር የሆነውን። ቀጥሎ ኩርባውን፤ ከዚያም ባቡሩ የሚቆምበትን ርዝመት ወስን። ምኞትህን በመጨረሻ ጻፍ። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ የተባለው ለአናጢ ብቻ አይደለም።

መደርደሪያው ለቆመ ሰው ዝቅ ያለ ነው የሚሉን አሉ። እውነት ነው። እኛ ወንበር አምጥተን እንቀመጣለን፤ ወንበር ማምጣት ቀላል ነው። የድሬዳዋን ጣቢያ የሚያዘው ጓደኛችን ግን ወንበሩን ይዞ ይመጣል፤ ከእርሱ ፈቃድ በቀር አንድም ባቡር አይነሣም።