የጥር ጭቃ

ልጄ፣ ቅዳሜ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም የሰዓት ማማዋ ሥር ካለው ገበያ ድንች ስገዛ ስልክሽን አፍንጫዬ ሥር ደቅነሽ «ጋሼ፣ ይዩልኝ! ትናንት ነው!» አልሽኝ። ጎጃም ነው የተባለ የተቃጠለ መንደር ቪዲዮ ነበር። ብርዱ አላስወራንም፤ የቀረውን ጻፍኩልሽ።

1. መጀመሪያ መሬቱን እዪ። ሰዎቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው፣ ከኋላቸው በቆሎው ለምልሟል። ወሩ ግን ጥር ነው። ጎጃም በጥር አቧራ ነው፤ አገዳውንም ከብት በልቶት አልቋል። መስኖ ነው እንዳትይኝ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይሰማል። ቃጠሎው እውነት ሊሆን ይችላል፤ «ትናንት» ያለው ግን ዋሽቷል። አያትሽ ቢሆኑ ገና ሲያዩት ይለዩት ነበር።

2. እውነትና እውነት ተሰፍቶም ውሸት ይወጣዋል። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ አዲስ አበባ፣ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም አየን። ደርግ በረሃብተኛው መሃል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ እየሰካ ነበር ያሳየን። ረሃቡ እውነት፣ መደበቁም እውነት፣ ግብዣውም እውነት። አለቀስን። ስፌቱን ማን እንደሰፋው፣ ለምን ዛሬ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ኅዳር ላይ 60ዎቹ ባለ ሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲረሸኑ ነው ያ ምሽት ትዝ ያለኝ፤ ምን ያደርጋል።

3. የምትልኪው ነገር የሚያርፈው እዚህ ሰፈራችን በርገር ሽትራሰ ላይ አይደለም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ባሕር ዳር ውስጥ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ መዓረግ አማረ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ትግራዋይ ነበሩ። ከዚያ በፊት ፎቷቸውና ሰፈራቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው አብርሃም ታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ያንን ሼር ካደረጉት መሃል እንደኛ ሙቅ ቤት ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ስንት ይሆን?

4. «አላውቅም» በይ። እኔ ከወጣሁ 40 ዓመት አልፎኛል፤ ስለ አገር ቤት ሲወራ ግን ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

5. የተቃዋሚሽን ሐሳብ ከራሱ አፍ ስሚ። እዚህ ምርጫ ሲደርስ ዋል-ኦ-ማት የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቺ፤ ፓርቲዎቹ ለየጥያቄው ራሳቸው የሰጡትን መልስ ነው የሚያሳይሽ። በእኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ሰው የሌላውን ወገን የሚያውቀው በስድቡ ነው።

6. ቪዲዮውን የላከልሽን ልጅ ሰው ፊት አታዋርጂው፣ እልክ ይገባል። ደውይለት፣ ጭቃውን አሳዪው። ምን እንዳለሽ ቅዳሜ ትነግሪኛለሽ። ድንቹን ግን ከዚያ ሰውዬ አትግዢ፣ ውሃ ነው።