ገላጭ ድርሰት፦ አምባላዩ ፈረስ

ብዙ ሕዝብ የሚራወጥበትን ትዕይንት በጽሑፍ ስትገልጹ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመናገር አትሞክሩ። ለአንባቢው ዐይን ማረፊያ የሚሆን አንድ ነገር ምረጡ።

ይህን ዘዴ ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ከፊሊፕስ ዋውወርማን ሥራዎች መማር ይቻላል። ዋውወርማን እ.ኤ.አ. በ1619 በሃርለም ከተማ ተወልዶ በ1668 እዚያው ሞተ። ሆላንድ ከስፔን ጋር ያደረገችው ረጅም ጦርነት በ1648 ሲያበቃ ዕድሜው 29 ዓመት ገደማ ነበረ። በፈረሰኞች ውጊያ ሥዕሎቹ ጢሱና አቧራው፣ የሚያጠቃውና የሚወድቀው ይደባለቃሉ። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከመካከላቸው አንድ አምባላይ፣ ማለትም ነጭ ፈረስ፣ ጎልቶ ይታያል። ተመልካቹም ዐይኑን ከፈረሱ አንሥቶ ተዋጊውን፣ ቁስለኛውንና ሬሳውን በየተራ ያያል።

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፤

ሀ/ ፈረሰኞቹ ተዋጉ፤ ብዙ ሰውም ሞተ።

ለ/ አምባላዩ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ልጓሙን እየጎተተ፣ በጢሱ ውስጥ ብቻውን ይባዝናል።

በ«ለ» ውስጥ «ሞተ» የሚል ቃል የለም፤ ሞት ግን ይታያል። የመጀመሪያው ይነግራል፤ ሁለተኛው ያሳያል።

መልመጃ፦ ያያችሁትን የገበያ ቀን ግርግር፣ አንድ እንስሳ ወይም አንድ ሰው ብቻ መነሻ በማድረግ፣ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።