የሳይንስ ጉባኤ ቲኬት ምን ይገዛል?

ባሕር በሌለው አገር የሚማር ሰው ስለ ዓሣ ነባሪ ጉባኤ ቲኬት ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የቲኬቱ ሥርዓት ለዓሣ ነባሪም፣ ለጤፍም፣ ለታሪክም ጥናት ከሞላ ጎደል አንድ ስለ ሆነ አንዱን ያወቀ ለሌላው አይቸገርም። ከዚህም በላይ ማን ወደ አዳራሹ ገብቶ ይናገራል፣ ማንስ ከደጅ ይቀራል የሚለው ነገር የዕውቀትን መንገድ ስለሚወስን እኛን የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎችንም ይመለከተናል።

በመጀመሪያ ስለ ጉባኤው ጥቂት እንበል፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዓሣ ነባሪን፣ ዶልፊንን፣ የባሕር አንበሳን፣ ዱጎንግንና እነዚህን የመሳሰሉ የባሕር አጥቢ እንስሳትን የሚያጠኑ ሊቃውንት በ1975 በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ክሩዝ ተሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ መገናኘት ልማዳቸው ሆነ፤ ማኅበራቸውም በ1981 ተቋቋመ። በዲሴምበር 2019 ከአውሮፓ አቻ ማኅበር ጋር በመተባበር ባርሴሎና ላይ ተገናኙ። በ2021 መጨረሻ ፍሎሪዳ ላይ ሊደረግ ታስቦ የነበረው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ 2022 ተዛወረ፤ ቀጥሎም በኖቬምበር 2024 በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ ጉባኤ ተደረገ።

እንግዲህ ቲኬት የምንለው ነገር በእውነቱ ምዝገባ ነው። የሲኒማ ቲኬት ወንበር ይገዛል፤ የጉባኤ ቲኬት ግን የአዳራሹን ኪራይ፣ የድምፅ መሣሪያውን፣ የጥናቶቹን መግለጫ ዝግጅትና የዕረፍት ሰዓቱን ቡና ለመሸፈን የሚደረግ መዋጮ ነው። የአውሮፕላን፣ የመኝታና የቪዛ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ አይገኝም። ከዋናው ጉባኤ በፊት የሚደረጉ ዎርክሾፖችና የመሰናበቻው እራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ይከፈልባቸዋል። ስለዚህ ዋጋውን ያየ ሰው «ምን ያካትታል?» ብሎ ሳይጠይቅ ኪሱን መንካት የለበትም።

ዋጋውን የሚወስኑት ዘወትር ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጊዜ ነው፤ አስቀድሞ የከፈለ ይረክስለታል፣ በበር ላይ የሚከፍል ይወደድበታል። ሁለተኛው ማዕርግ ነው፤ የማኅበሩ አባል ካልሆነው፣ ተማሪውም ከመምህሩ ያነሰ ይከፍላል። ሦስተኛው አገር ነው፤ አንዳንድ ማኅበራት ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ አገሮች ለሚመጡ ሰዎች ዋጋ ይቀንሳሉ። ተማሪ የሆነ ሰው የአባልነቱን መዋጮና የምዝገባውን ቅናሽ አስተያይቶ፣ ቅናሹ ከመዋጮው ከበለጠ አስቀድሞ አባል መሆን ይጠቅመዋል።

ቅደም ተከተሉም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጥናት ማቅረብ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የጥናቱን አጭር መግለጫ ይልካል፤ መርማሪዎች ያዩታል፤ ከዚያ በኋላ በቃል ወይም በፖስተር እንዲቀርብ ይፈቀዳል። የተፈቀደለትም ቢሆን ምዝገባውን ብዙ ጊዜ ራሱ ይከፍላል። የጉዞ እርዳታ የሚጠየቀው ደግሞ ከመግለጫው ጋር ወይም ጥቂት ቆይቶ ስለ ሆነ፣ ቲኬት ገዝቶ እርዳታ ፍለጋ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው ያልፍበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

ለእኛ ደግሞ የቪዛ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ አመልካቾች መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል ወሰነ። ያ ውሳኔ እስካልተነሣ ድረስ ሒሳቡ ይህ ነው፤ ጉባኤው እንደ ባርሴሎናው ዲሴምበር 9 ቢከፈት፣ ማመልከቻው ቢዘገይ ቢዘገይ ኦክቶበር 25 መግባት አለበት፤ የቀጠሮ መጠበቂያውም ከዚያ በፊት ይታሰባል። ስለሆነም ከመክፈል በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጥሪ ደብዳቤ መቼ ይሰጣል? ቪዛ ቢከለከል፣ ወይም ጉባኤው እንደ ፍሎሪዳው ቢዛወር፣ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ?

ሐሰተኛ ጉባኤም አለ። ምልክቶቹን ማወቅ አያስቸግርም፤ ባልተማሩበት ሙያ «ታላቁ ሊቅ» እያለ ይጠራል፤ መግለጫው በተላከ በማግሥቱ «ተቀብለናል» ይላል፤ ሕክምናውን፣ ምሕንድስናውንና ሕጉን በአንድ አዳራሽ ያጭቃል፤ ክፍያውንም በግለሰብ ስም እንዲላክ ይፈልጋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በኮሚቴው ውስጥ ስማቸው ከተጻፈው መምህራን ለአንዱ በሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ጽፎ መጠየቅ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን በ1982 የንግድ አደን ለጊዜው እንዲቆም ሲወስን፣ ከክርክሩ ዋና ጉዳዮች አንዱ ስንት ዓሣ ነባሪ ቀርቷል የሚለው ቁጥር ነበር። ቁጥሩን የሚቆጥርና በጉባኤ ፊት የሚያቀርብ ሰው በውሳኔው ላይ ድርሻ አለው። ዱጎንግ በጎረቤታችን በቀይ ባሕር ይኖራል፤ ይሁን እንጂ ከዳርቻው ላይ ሆኖ በየቀኑ የሚያየው ዓሣ አጥማጅ ለአዳራሹ ከሁሉ ይልቅ ሩቅ ነው። ስለ እንስሳው ሌላ ሰው ተናግሮ ሲመለስ ነገሩ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በ1966 ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ግን የአዲስ አበባው ተማሪ ባሕር መሻገር አላስፈለገውም። ከዚህ የምንረዳው የቲኬቱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአዳራሹ ቦታም በር እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ነው።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየትምህርት ክፍላችን የጉባኤዎችን የመግለጫ መቀበያ፣ የእርዳታ መጠየቂያና የርካሽ ምዝገባ ቀኖች የያዘ አንድ ወረቀት በሰሌዳ ላይ እንለጥፍ። አንድ ሰው ሄዶ ሲመለስም የሰማውን በአንድ ምሽት ለሁላችን ይናገር። ያን ጊዜ የአንድ ሰው ቲኬት ለሃያ ሰው ይበቃል።