አደራ፣ በአካል የሌሉትን

ልጄ፣ የቡድን መሪ ሆነሽ መሾምሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ከሠራተኞችሽ ግማሾቹ ቦሌ ቢሮ ይገባሉ፣ ሁለቱ ባሕር ዳርና ሀዋሳ ሆነው ከቤታቸው ይሠራሉ፣ አንዷ ደግሞ ዋሽንግተን ናት ብለሽኛል። ብዙ ዘመን ሠራተኛ ሳስተዳድር ኖሬያለሁና የማውቀውን ልጻፍልሽ። ከሁሉም በላይ የማስብልሽ ከዓይንሽ ርቀው ለሚሠሩት በምትሰጪው ፍርድ ነው።

1. ዕድገት ለመስጠት ስትቀመጪ መዝገብ ይዘሽ ተቀመጪ። የስታንፎርዱ ኢኮኖሚስት ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ በቻይናው የጉዞ ኩባንያ በሲትሪፕ ያካሄዱትንና እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙትን ጥናት አንብቢው። የሻንጋይ የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች በሳምንት አራት ቀን ከቤታቸው ሲሠሩ ውጤታቸው 13 በመቶ ጨመረ፤ ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ቀነሱ። እኩል ውጤት ካላቸው የቢሮ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ግን ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው አነሰ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ሰው ለመበደል ክፉ አለቃ መሆን አያሻም፤ ጠዋት ሰላም የምትይው፣ ቡና አብሮሽ የሚጠጣው ሰው ስም ቀድሞ አፍሽ ላይ ይመጣል። ስለዚህ በየወሩ የእያንዳንዱን ሰው ሥራ ጻፊ፦ ምን አስረከበ፣ ማንን አገዘ፣ የትኛውን ችግር ፈታ። የዕድገት ጊዜ ሲደርስ የራቁትን ገጽ አስቀድመሽ ግለጪ። ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ በዚያው ኩባንያ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከቤት የሠሩት በዕድገት ወደኋላ አልቀሩም፤ የሚለቁትም በሲሶ ቀንሰዋል። ለአዲስ አበባዎቹ ይህን ዓይነቱን አሠራር ብታስፈቅጂላቸው መልካም ነው። ባሕር ዳር ላለው ግን ጠበቃው መዝገብሽ ብቻ ነው።

2. ሰዓት ስትጽፊ ከተማውን ጨምሪ። «ሐሙስ 10 ሰዓት» ብለሽ ብትልኪ ዋሽንግተን ያለችው ልጅ በየትኛው አቆጣጠር ታንብበው? «ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት በአዲስ አበባ፣ ጠዋት 9:00 በዋሽንግተን» ብለሽ ጻፊ። አሜሪካኖቹ በማርችና በኖቬምበር ወር ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ልዩነቱ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ይሆናል። ያን ጊዜ ያንቺው 10 ሰዓት ለእሷ 8:00 ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ ከሆነ ትልቅ ልዩነት ነው።

3. ቃለ ጉባኤ ይያዝ። በቡና ሰዓት የተወሰነ ነገር ካለ በዚያው ዕለት በቴሌግራም ቡድናችሁ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። በስብሰባም መጀመሪያ የመናገር ዕድል በስልክና በኮምፒውተር ለገቡት ስጪ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ከተጋጋሉ በኋላ ሩቅ ያለ ሰው ጣልቃ መግባት ይከብደዋል።

4. ይሉኝታን አትዘንጊ። «ሥራው እንዴት ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» የሚል መልስ ታገኛለሽ፤ ሥራው ግን ሳምንት ሙሉ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ቢሮ ያለውን ፊቱን አይተሽ ትረጂዋለሽ። የራቀውን ለብቻው ደውይለትና «የትኛው ላይ ደረስክ? የቱ አስቸገረህ? ማንን ላናግርልህ?» በይው። በሰው ፊት፣ በቡድኑ መልእክት ላይ ግን እንዲህ አትጠይቂው፤ ያፍራል፣ ከዚያ በኋላም ይደብቅሻል። በዕድሜ የሚበልጡሽ ካሉ ደግሞ አንቱ ብለሽ በስልክ አናግሪያቸው። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማዘዝ ቅር ያሰኛቸዋል።

5. መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ሰውን በስንፍና አትጠርጥሪ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር አንቺም ታስታውሻለሽ። አሁኑኑ ተስማሙ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማን ለማን ይደውላል፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የትኛው ነው፣ የማስረከቢያው ቀን በስንት ይራዘማል። የዳታ ጥቅል ወጪውንም መሥሪያ ቤቱ ይሸፍን። ቢሮ የሚገባው ሠራተኛ ለዋይፋይ ከኪሱ አይከፍልም።

6. ካሜራ ክፈቱ ብለሽ አታስገድጂ። በአንድ ክፍል ቤት ከነልጆቹ የሚኖር ሰው አለ።

7. ማታ ማታ ሥራ አትላኪ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ቤቱ የሚሠራ ሰው ከሥራው የሚወጣበት በር የለውም፤ በሩን አንቺ ዝጊለት።

8. ለቅሶና ደስታ ላይ አትጉደሉ። የቢሮው ልጅ እናቱ ስታርፍ ሁላችሁም ዕለቱን ትደርሳላችሁ፤ ለሀዋሳዋ ግን የሐዘን መግለጫ መልእክት ተልኮ ነገሩ ያበቃል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ሰው በሐዘኑ ቀን ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ አይረሳም። ከቡድኑ ሁለት ሰው መርጠሽ ላኪ፤ የአዘቦት ቀን ቢሆንም ፈቃድ ስጫቸው። ከቻልሽ አንዷ አንቺ ሁኚ። ዋሽንግተን ላለችው ደግሞ ቤተሰቧ እዚህ ለቅሶ ከተቀመጠ ሂዱላት፤ እሷ ልትደርስ ያልቻለችበት ቤት ነውና።

9. አዲስ ተቀጣሪ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቢሮ ይዋል፤ ከማን ምን እንደሚጠየቅ በዓይኑ አይቶ ይወቅ። የራቁትንም ቢያንስ በዓመት አንዴ አዲስ አበባ አምጥተሽ ከሌሎቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አሠሪያቸው። የትኬቱንና የማረፊያውን ወጪ በጀቱ ሳይዘጋ አስይዢ፤ «ገንዘብ የለም» ቢሉሽ ዝም አትበይ፣ ደጋግመሽ ጠይቂላቸው።