ዘይት ያረጠበው ሾክ አብዞርበር

ጥያቄ፦ ላንድ ክሩዘር ፒክአፔ ኮረኮንች ላይ ከኋላ ይዘላል፤ አንዱ ሾክ አብዞርበር ዘይት አርጥቦታል። ዘይት ማስሞላት ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የአብዛኛው መኪና ሾክ አብዞርበር የታሸገ ነው፤ ተበስቶ ቢሞላም ያረጀው የጎማ ማሸጊያ መልሶ ያፈሳል። ስስ ወዝ ብቻ ከሆነ አያስጨንቅዎ፤ ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ አቧራ ካጋገረ ግን አልቆለታል። መኪናውን በእጅ ተጭኖ ማወዛወዝ በእንዲህ ያለ ከባድ መኪና ብዙም አይነግርም። ይልቅስ ረጅም ኮረኮንች እንደጨረሱ እጅዎን ሳያስነኩ ወደ ሁለቱም የኋላ ሾክ አብዞርበሮች ያስጠጉ፤ በጣም ሊግሉ ይችላሉና ይጠንቀቁ። ሥራ ያቆመው ከጓደኛው ይቀዘቅዛል። ዘንጉ መጣመሙን፣ ጎሚኒዎቹ መሰንጠቃቸውን፣ ጎማው ቦታ ቦታ መበላቱንም ይዩ።

ሲቀይሩ የኋላዎቹን ሁለቱንም ይቀይሩ። ቡሎኖቹን በመጨረሻ የሚያጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ይሁን፤ በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።