ወሰን ስለ ተበጀለት ወረፋ
የመምህርና የተማሪ ምልልስ

ተማሪ፦ የኔታ፣ አንዳንዶቹ ትሬዶች ሥራ እያዘጋጁ የሚያስገቡበት፣ ሌሎቹ ደግሞ እያወጡ የሚፈጽሙበት ወረፋ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። የታዘዝሁት ወረፋ ግን መጠኑ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ እንደ ልብ የሚሰፋ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ችግር የሚቀልልኝ ይመስለኛል።

መምህር፦ ልጄ፣ ወሰን የሌለው ወረፋ ለጊዜው ዕረፍት የሚሰጥ ቢመስልም፣ አስገቢዎቹ ከአውጪዎቹ ጥቂት እንኳ ቢፈጥኑ ትርፉ ማንም ሳያስተውለው እየተከማቸ የማሽኑን ሜሞሪ እስኪጨርስ ድረስ ያድጋልና፣ ፕሮግራሙ የሚወድቅበት ሰዓት ጥፋቱ ከተጀመረበት ሰዓት እጅግ የራቀ፣ ምክንያቱም ለመርማሪው የተሰወረ ይሆናል። ወሰን ያለው ግን በሞላ ጊዜ አስገቢውን ያቆመዋል፤ መቆሙም የፍጥነት ልክ ይሆነዋል። ስለዚህ ወሰኑን እንደ ጕድለት አትቍጠረው፤ የወረፋው ዋና ምግባር እርሱ ነው።

ተማሪ፦ እሺ የኔታ። ማኅደሩን በምን መልክ ላብጀው?

መምህር፦ 8 ክፍል ያለው አሬይ ያዝ፤ ክፍሎቹን ከ0 እስከ 7 ቍጠራቸው። አንዱ ጠቋሚ የሚወጣበትን፣ ሁለተኛው የሚገባበትን ክፍል ያመለክታል፤ እያንዳንዱም አንድ ተጨምሮበት ለ8 ሲካፈል የሚተርፈውን እየያዘ፣ በመነኵሴ እጅ እንዳለ መቍጠሪያ ዞሮ ወደ መነሻው ይመለሳል። ሁለቱ ጠቋሚዎች በተገናኙ ጊዜ ወረፋው ባዶ ይሁን ሙሉ መለየት ስለማይቻል፣ የገቡትን ብዛት የሚይዝ ቍጥር ትጨምራለህ። አንዳንዶች በዚህ ፈንታ አንድ ክፍል ሁልጊዜ ባዶ ይተዋሉ፤ እኔ ግን ለአንባቢ ግልጽ ነውና ቍጥሩን እመርጣለሁ።

ተማሪ፦ ይህ ለአንድ ትሬድ ይበቃል። ለብዙዎቹስ?

መምህር፦ ለብዙዎቹ አይበቃም። ሁለት አስገቢዎች የመግቢያውን ጠቋሚ ባንድ ቅጽበት 3 ሆኖ ቢያነቡት፣ ሁለቱም በዚያው ክፍል ይጽፋሉ፤ የኋለኛውም የፊተኛውን ያጠፋዋል። ብዛቱም እንዲሁ ነው፤ «አንድ ጨምር» የሚለው ትእዛዝ ለዓይን አንድ ቢመስልም ማንበብ፣ መደመርና መጻፍ የሚባሉ ሦስት ግብራት ስላሉበት፣ ሁለቱም 5ን አንብበው ሁለቱም 6ን ቢጽፉ፣ 7 ሊሆን የሚገባው 6 ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጠቋሚዎቹንም፣ ብዛቱንም፣ ክፍሎቹንም ባንድ ሎክ ሥር አኑራቸው፤ ሎኩን ያልያዘ ትሬድ ሊጽፋቸው ቀርቶ ሊያነባቸውም አይገባም።

ተማሪ፦ ሞልቶ ያገኘው አስገቢ ታዲያ ሎኩን እንደ ያዘ ይጠብቅ?

መምህር፦ ሎኩን ይዞ ከጠበቀ አውጪው ገብቶ ቦታ ሊለቅለት አይችልምና ሁለቱም እንደ ቆሙ ይቀራሉ። ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ተባባሪ ሂደቶች በጻፈው ድርሳን፣ ይህንኑ ወሰን ያለው ማኅደር በሦስት ሴማፎሮች ሠርቶታል፤ አንዱ የገቡትን፣ አንዱ ባዶዎቹን ክፍሎች ይቈጥራል፣ ሦስተኛውም ባንድ ጊዜ ከአንድ በላይ እንዳይገባ ይከለክላል። አስገቢው አስቀድሞ ባዶ ክፍል ማግኘቱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሁሉ አሁን ባልኩህ ወጥመድ ይያዛል። ዛሬ በምንሠራበት ሥርዐት ደግሞ የመጠበቅ ትእዛዝ ሎኩን መልቀቅንና መተኛትን በማይከፈል አንድ ግብር ይፈጽማል፤ ትሬዱ ሲነቃም ሎኩን መልሶ ሳይዝ አይቀጥልም።

ተማሪ፦ እንግዲያስ ከነቃ በኋላ ቦታ እንዳለ አምኖ መጻፍ ይችላል ማለት ነው።

መምህር፦ አይችልም፤ እዚህ ላይ ረጋ በል፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ነውና። እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1974 ሞኒተር ስለሚባለው የሎክና የመጠበቂያ ጥምረት በጻፈው ላይ፣ የተቀሰቀሰው ወዲያውኑ ሎኩን ተረክቦ እንዲገባ ስለ ደነገገ፣ አንድ ጊዜ መርምሮ መጠበቅ ይበቃ ነበር። ላምፕሰንና ሬዴል ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ሜሳ ቋንቋ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቅስቀሳ ጥቆማ እንጂ ቃል ኪዳን እንዳልሆነ አስረዱ፤ ጃቫም የተከተለው ይህንን ነው። የተቀሰቀሰው ሎኩን እስኪያገኝ ድረስ ሌላ አስገቢ ቀድሞት ክፍሉን ሊይዝበት ይችላል፤ ማንም ሳይቀሰቅሰው የሚነቃበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ምርመራውን በኢፍ ሳይሆን በዋይል ጻፈው፤ ትሬዱ በነቃ ቍጥር ከራሱ ዓይን በቀር ማንንም ሳያምን ብዛቱን ዳግመኛ ይመልከት፣ አሁንም ሞልቶ ካገኘው ተመልሶ ይተኛ።

ተማሪ፦ ቦታ ሲለቀቅስ ማንን ልቀስቅስ?

መምህር፦ አስገቢዎችና አውጪዎች ባንድ መጠበቂያ ከተኙ፣ አንዱን ብቻ ስትቀሰቅስ ጥሪው ለማይመለከተው ሊደርስና ሁሉም ተኝተው ሊቀሩ ይችላሉ። ወይ ሁሉንም ቀስቅስ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2004 በጃቫ 5 እንደ ወጣው አሬይ ብሎኪንግ ኪው፣ ሎኩን አንድ አድርገህ መጠበቂያውን ለሁለት ክፈለው።

ተማሪ፦ ያለ ሎክ መሥራት ይቻላል ሲሉም ሰምቻለሁ።

መምህር፦ አስገቢው አንድ፣ አውጪውም አንድ ብቻ ሲሆኑ እያንዳንዱን ጠቋሚ የሚጽፈው አንድ ትሬድ ስለሆነ፣ የሜሞሪው ቅደም ተከተል ከተጠበቀ ይቻላል። አንተ ግን ሎክ ያለውን በትክክል ሳትጽፍ፣ መዘግየቱንም ለክተህ ሳታረጋግጥ ወደዚያ አትሂድ።

ተማሪ፦ የጻፍሁት ትክክል መሆኑንስ በምን ልፈትነው?

መምህር፦ መጠኑን 1 አድርገው፤ ያን ጊዜ መሙላትና ባዶ መሆን በየቅጽበቱ ስለሚፈራረቁ የተሸሸገው ስሕተት ፈጥኖ ይገለጣል። ብዙ አስገቢዎች የየራሳቸውን ተራ ቍጥር እየጻፉ ያስገቡ፤ አንድ አውጪም ይቀበላቸው። ከዚያም አንድም እንዳልጠፋ፣ አንድም ሁለት ጊዜ እንዳልወጣ፣ የእያንዳንዱም አስገቢ ቍጥር በቅደም ተከተሉ እንደ መጣ መርምር። ይህን ሳታይ ወረፋውን ለማንም አታስረክብ።