ስቴሪዮና የኋላ ካሜራ በአሮጌ መኪና ላይ፦ የኦም ሕግ በተግባር

በከተሞቻችን ጎዳናዎች ከሚመላለሱት መኪኖች ብዙዎቹ ከተሠሩ ሃያና ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በአዲስ አበባ «ዲኤክስ» እየተባለ የሚጠራው የቶዮታ ኮሮላ ዓይነት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ቢበዛ ሬዲዮና የካሴት ማጫወቻ ነበራቸው። ዛሬ ግን ባለቤቶቻቸው ባለ ስክሪን ስቴሪዮና የኋላ ካሜራ ያስገጥሙላቸዋል። ሥራው ጥቂት ሽቦዎችን ከማገናኘት ያለፈ አይመስልም። ይሁን እንጂ በትክክል ሲሠራ የሕፃን ሕይወት ሊያተርፍ፣ በግዴለሽነት ሲሠራ ደግሞ መኪናውን ለእሳት ሊዳርግ ይችላል። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የሁለቱ ልዩነት በክፍል ውስጥ በምንማራቸው ቀላል የኤሌክትሪክ ሕጎች ላይ የተመሠረተ መሆኑን እናሳያለን።

ከመኪናው በስተኋላ የማይታየው ስፍራ

በቅድሚያ ካሜራው ለምን እንደሚያስፈልግ በጂኦሜትሪ እንመርምር። የአሽከርካሪው ዓይን ከመሬት 1.10 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። ከዓይኑ 2.2 ሜትር ወደ ኋላ የሚገኘው የዕቃ መጫኛው ክዳን ጠርዝ 0.95 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። የእይታው መስመር ጠርዙን ታኮ ሲያልፍ በየ2.2 ሜትሩ 0.15 ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቁመቷ 0.80 ሜትር የሆነ ሕፃን አናቷ መታየት የሚጀምረው ከጠርዙ 2.2 ሜትር ስትርቅ ነው። ኳስ ለማንሣት አጎንብሳ ቁመቷ 0.50 ሜትር ቢሆን ግን 6.6 ሜትር እስክትርቅ ድረስ አትታይም። መሬቱ ራሱ የሚታየው ከ14 ሜትር ገደማ በኋላ ነው። ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ አሽከርካሪው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ከመቀመጫው ሆኖ ይህን ስፍራ ሊያይ አይችልም።

ችግሩን በካሜራ የመፍታት ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ለትርዒት የቀረበው ቢዊክ ሴንቹሪየን በኋላ መመልከቻ መስተዋት ፋንታ የቴሌቪዥን ካሜራ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ቶዮታ በጃፓን የሸጠው ሶረር የኋላ ካሜራ ይዞ ቀረበ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን አባቱ ወደ ኋላ ሲነዳው በነበረ መኪና ተገጭቶ ሞተ፤ በሕፃኑ ስም የተሰየመው ሕግም እ.ኤ.አ. በ2008 ጸደቀ። የሀገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 መመሪያውን ሲያወጣ እንዲህ ያለው አደጋ በዓመት በአማካይ 210 ሰው እንደሚገድልና 15,000 ሰው እንደሚያቆስል ገልጾ ነበር። ከሟቾቹ 31 በመቶ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። ከሜይ 2018 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ከበስተኋላቸው በግምት 3 ሜትር በ6 ሜትር የሆነውን ስፍራ የሚያሳይ ካሜራ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ባለቤት ግን መሣሪያውን ራሱ መግጠም ይኖርበታል።

የስቴሪዮው ሽቦዎች

ከሁሉ አስቀድሞ የመኪናውን ቮልቴጅ ማወቅ ያስፈልጋል። ዘመናዊ መሣሪያዎች የሚሠሩት ለ12 ቮልት ነው፤ ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ቮልስዋገን ቢትሎች ግን በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ። ቀጥሎ የባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ይፈታል። ኔጋቲቩ የሚቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ምሰሶ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ፖዘቲቩን አስቀድመን ስንፈታ መፍቻችን የመኪናውን ብረት ቢነካ ከባድ ሾርት ይፈጠራል። መልሰን ስንገጥም ደግሞ ኔጋቲቩ የመጨረሻው ይሆናል።

በአብዛኞቹ ለብቻ የሚሸጡ ስቴሪዮዎች ላይ ቢጫው ሽቦ ከባትሪ ዘወትር ኃይል የሚቀበል ሲሆን፣ ሰዓቱንና የጣቢያዎቹን ዝርዝር በማኅደረ ትውስታ ያቆያል። ቀዩ ኃይል የሚያገኘው ቁልፉ ሲዞር ብቻ ነው። ጥቁሩ ከመኪናው አካል ጋር ይገናኛል። ቢጫውና ቀዩ ከተቀያየሩ መኪናው በጠፋ ቁጥር ስቴሪዮው ሁሉን ይረሳል። የመኪናው የራሱ ሽቦዎች ቀለም ግን ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ በቀለም ብቻ መተማመን አይገባም። ባትሪውን ለጊዜው መልሰን አገናኝተን እያንዳንዱን ሽቦ በመልቲሜትር፣ ቁልፉ ጠፍቶም በርቶም፣ ከለካን በኋላ ባትሪውን እንደገና ፈትተን ሥራችንን እንቀጥላለን።

አሮጌ መኪኖች ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የድምፅ ማጉያው ሽቦ ነው። በአንዳንዶቹ የድምፅ ማጉያዎቹ ኔጋቲቭ ሽቦዎች በአንድነት ከመኪናው አካል ጋር ታስረዋል። በዘመናዊ ስቴሪዮ ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር ግን የድምፅ ማጉያውን በሁለቱም ጫፎች ያንቀሳቅሰዋል፤ ሁለቱም ጫፎች ከአካሉ አንፃር የባትሪውን ግማሽ ያህል ቮልቴጅ አላቸው። ከእነዚህ አንዱ ከአካሉ ጋር ቢገናኝ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ለየድምፅ ማጉያው ሁለት የራሱ ሽቦዎች መዘርጋት አለባቸው።

የዋቱ እንቆቅልሽ

በስቴሪዮው ካርቶን ላይ «4 በ50 ዋት» ተብሎ ተጽፎ እናያለን። ከጀርባው ያለው ፊውዝ ግን 10 አምፔር ነው እንበል። ሞተሩ ሲሠራ የሚኖረው ቮልቴጅ 14.4 ገደማ በመሆኑ፣ በፊውዙ ልክ የሚገባው ኃይል 144 ዋት ብቻ ነው። 144 ዋት የሚቀበል መሣሪያ እንዴት 200 ዋት ዘወትር ሊያወጣ ይችላል? መልሱ በስሌቱ ውስጥ ይገኛል። 14.4 ቮልት በ4 ኦም ድምፅ ማጉያ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢያርፍ፣ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 52 ዋት ገደማ ይሰጣል። ይህ የሚሆነው ግን ድምፁ ፈጽሞ ተበላሽቶ አራት ማዕዘን ሞገድ ሲሆን ነው። ለጥሩ ሳይን ሞገድ ውጤቱ በግማሽ ቀንሶ 26 ዋት ገደማ ይሆናል። የካርቶኑ ቁጥር የሚነግረን የመጨረሻውን ጣሪያ እንጂ የምንሰማውን ሙዚቃ አይደለም።

ፊውዝ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ብዙዎች ፊውዝ የሚጠብቀው መሣሪያውን ይመስላቸዋል። ዋነኛ ተግባሩ ግን ሽቦውን መጠበቅ ነው። ውፍረቱ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) 0.14 ኦም ገደማ ነው። ከባትሪው የሚነሣው ይህ ሽቦ ሌላው ጫፉ ተልጦ የመኪናውን አካል ቢነካ፣ 12.6 ቮልት ለ0.14 ኦም ሲካፈል 90 አምፔር ይሰጣል። በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይልም ከ1,100 ዋት ይበልጣል፤ ይህም ከአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር የሚቀራረብ ነው። ምድጃው ግን በዚህ ጊዜ ከምንጣፉ ሥር ተዘርግቷል። ፕላስቲኩ ቀልጦ እሳት ለመነሣት ብዙ ጊዜ አይወስድበትም።

ከዚህ ሁለት ደንቦች እናገኛለን። አንደኛ፣ ፊውዙ በተቻለ መጠን ለባትሪው ወይም ለኃይል ምንጩ መቅረብ አለበት፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና። ሁለተኛ፣ የፊውዙ መጠን ሽቦው ያለ ሥጋት ከሚሸከመው ጅረት መብለጥ የለበትም። የተቃጠለን ፊውዝ በመዳብ ሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት መተካት ጠባቂውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደመተው ነው።

ካሜራው እንዴት ይገናኛል?

ካሜራው ኃይሉን የሚያገኘው ከኋላ ማርሽ መብራት ነው። የ21 ዋት አምፖል ከ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይወስዳል፤ ካሜራው በአብዛኛው የሚጨምረው ከ0.2 አምፔር በታች በመሆኑ ነባሩ መስመር በቀላሉ ይችለዋል። አሽከርካሪው የኋላ ማርሽ ሲያስገባ መብራቱ ይበራል፣ ካሜራው ይነሣል። ከዚሁ መብራት ወደ ስቴሪዮው የሚዘረጋ ቀጭን ሽቦም ስክሪኑ ወደ ካሜራው እንዲዞር ምልክት ይሰጠዋል።

ምስሉ የሚተላለፈው በተሸፈነ ገመድ ሲሆን የምልክቱ መጠን 1 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ካሜራው ከኋላ፣ ስቴሪዮው ከፊት ከአካሉ ጋር ይታሰራሉ እንበል። በዛገ መጋጠሚያ ምክንያት በሁለቱ መካከል 0.05 ኦም ተቃውሞ ቢኖርና 2 አምፔር ቢያልፍበት የ0.1 ቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ይህ የምስሉ ምልክት አንድ አሥረኛ ስለሆነ በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሱ መስመሮች ይታያሉ። መድኃኒቱ ሌላ ካሜራ መግዛት ሳይሆን የሚታሰርበትን ብረት ከቀለምና ከዝገት አጽድቶ አጥብቆ ማሰር ነው።

ካሜራው ወደ ኋላ ስለሚመለከት የእርሱ ቀኝ የመኪናው ግራ ነው። ስለዚህ ምስሉ እንደ መስተዋት መገልበጥ አለበት፤ ካልተገለበጠ አሽከርካሪው መሪውን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ያዞራል። ገመዱ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ የጎማ ቀለበት ይደረግለታል፤ በክዳኑ ማጠፊያ ላይም ዘና ብሎ መተው አለበት። መጋጠሚያዎቹ በስታኞ ከተበየዱ በኋላ በናስትሮ ይሸፈናሉ። አዲስ የተበሳ ብረትም እንዳይዝግ ቀለም ይቀባል።

የመጨረሻው ፍተሻ

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ከተደገፉ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ በርቶ ካሜራው ይሞከራል። ከመኪናው ጫፍ በ1፣ በ2 እና በ3 ሜትር ርቀት ላይ ምልክቶች አኑረን በስክሪኑ ላይ የት እንደሚታዩ እንመዝግብ። ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ነገሮችን ከእውነተኛው ርቀታቸው አርቆ ስለሚያሳይ፣ በስክሪኑ ላይ ያሉት ቀለማም መስመሮች በዚህ ልኬት ካልተረጋገጡ ሊያሳስቱ ይችላሉ።

ካሜራው በጭቃ ሲሸፈን አያይም፤ ከጎን እየሮጠ የሚመጣንም ልጅ አስቀድሞ አያሳይም። ስለዚህ ወደ መኪናው ከመግባት በፊት ዞሮ መመልከት ዛሬም ተገቢ ነው። ካሜራው የሚያሟላልን ከመቀመጫችን ሆነን ልናየው የማንችለውን ስፍራ ብቻ ነው። ይህንንም በታማኝነት የሚፈጽመው እያንዳንዱ ሽቦ ትክክለኛ ምንጭ፣ ተመጣጣኝ ፊውዝና ንጹሕ መመለሻ ሲኖረው ነው። አንባብያን የቤተሰባቸውን ወይም የጎረቤታቸውን መኪና ሜትር ይዘው እንዲለኩና የማይታየውን ስፍራ ራሳቸው እንዲያሰሉ እንጋብዛለን።